ገቢ ጥሪ በ32ኛው ሰከንድ ይቋረጥብኛል

ለአንዲት ትንሽ ቢሮ አስተሪስክ (የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር) ተክያለሁ። ከራውተር ጀርባ ነው፤ የውስጥ አድራሻው 192.168.1.10። ወደ ውጭ ስንደውል ሰላም ነው። ወደ እኛ ሲደወል ግን ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፁም በሁለቱም በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ልክ 32 ሰከንድ ሲሞላ ጭጭ። በሰዓት ለክቼዋለሁ፣ ዝንፍ አይልም።

የጥሪ መልእክቶቹ የሚገቡበትን ፖርት 5060ን በዩዲፒ ከፍቻለሁ። የራውተሩን ሲፕ ኤኤልጂ (የሲፕ ማለትም የጥሪ መልእክቶችን የሚነካካውን ክፍል) አጥፍቻለሁ። ለድምፁ የውጭውን አይፒ ሞልቻለሁ። ለውጥ የለም።

መልእክቶቹን ስከታተል ኢንቫይት (የጥሪ ጥያቄው) ይገባል፣ የእኛ 200 ኦኬ (ስልኩ ተነስቷል የሚለው መልስ) ይወጣል፤ ማረጋገጫው አክ ግን አይመጣም። አስተሪስኩ 200 ኦኬውን ደጋግሞ ልኮ ልኮ ሲሰለቸው ባይ ብሎ ይዘጋል። እዚያው 200 ኦኬ ውስጥ፣ ኮንታክት የሚለው (አክ ወዴት እንደሚላክ የሚናገረው) መስመር ላይ፣ ያ 192.168.1.10 ቁጭ ብሏል።

ኮንታክቱ ላይ የውጭው አይፒ እንዲወጣ ፒጄሲፕ (የአስተሪስክ የሲፕ ክፍል) ውስጥ የትኛውን መስመር ልቀይር?