አለቃው ተሳዳቢ ሲሆን እኛም ተራራቅን፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። አዲሱ የፈረቃ ኃላፊያችን ሰው ፊት ይሳደባል። እሱስ ይሁን፤ የከፋኝ የእኛ መለወጥ ነው። ድሮ የአንዱ ማሽን ሲቆም ሌላው ሮጦ ይደርስለት ነበር። በዚያ የንጋት ብርድ ያረፈደ ቢኖር እንኳ ሰው ይሸፍንለታል። አሁን የረዳ ሰው «ሥራህን ትተህ የት ትዞራለህ?» ተብሎ ይሰደባል። ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የራሱን ብቻ ይሠራል። አዲስ ገቢዎቹን የሚያሳያቸው የለም፤ ሲሳሳቱ ደግሞ ስድቡ ይብሳል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲያከብር ያስገድዳል። ግን የሠራተኛ ማኅበር የለንም፤ ብቻዬን ካመለከትኩ ዓይን ውስጥ እገባለሁ። መልቀቅም አልችልም፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። እንዲህ ያለ ቦታ የሠራችሁ፣ ተፈራርተው የተራራቁ ሰዎችን እንዴት ነው አሳምኖ አንድ ደብዳቤ ላይ ማስፈረም የሚቻለው? ከማን ልጀምር?