እህቴ ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ፊቷ አብጧል ግፊቷም 150/100 ሆነ፣ ምን እናድርግ?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በጣም ጨንቆኝ ነው። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ 33 ሳምንቷ። እግሯ ካበጠ ቆይቷል፣ እሱን እንኳ ነፍሰ ጡር ያለ ነው ብለን ትተነው ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ፊቷም እጇም አብጦ ቀለበቷ አልወጣ አላት፣ ራሷንም ያማታል ፓራሲታሞል ወስዳ አልለቃት አለ። ዛሬ ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሲለኳት 150/100፣ ጨው ቀንሺ እረፍት አድርጊ ብለው መለሷት። እማዬ ደግሞ የራሷን የግፊት ኪኒን ኢናላፕሪሉን ግማሽ ትዋጥ እያለች ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ በስልክ ነው የማወራቸው። ትዋጠው ወይስ ሰኞ ቀጠሮዋን ትጠብቅ?

ሚድዋይፍ ነኝ፦
ወንድሜ ኢናላፕሪሉን በፍጹም እንዳትነካው። ለእናታችሁ ጥሩ መድሃኒት ነው፣ ነፍሰ ጡር ላይ ግን የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ሰኞ የሚባል ነገርም የለም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል። ከ20 ሳምንት በኋላ ግፊት 140/90 እና ከዛ በላይ ሆኖ ሽንት ላይ ፕሮቲን ከታየ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፣ እንዲህ የማይለቅ ራስ ምታት ካለ ደግሞ ፕሮቲን ባይኖርም ዝም አይባልም። ሽንቷን አይተውላታል? አይኗስ? ከእንብርቷ በላይ ያማታል?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ሲስተር ተባረኪ። ሽንት አላዩላትም። አሁን ደውዬ ስጠይቃት አይኔ ብዥ ይልብኛል አለችኝ፣ ጨጓራዬም ተነስቷል ትላለች።

ሚድዋይፍ ነኝ፦
እሱ ጨጓራ ላይሆን ይችላል፣ ጉበት ሲነካ እዛው አካባቢ ነው የሚያመው፣ ስንት እናት ጨጓራ ነው እያለች ዘግይታ ትመጣለች። አሁኑኑ አምቡላንስ ወይ መኪና ፈልጉ፣ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ የክትትል ካርዷን ይያዙ። መንገድ ላይ አንዘፍዝፎ ከጣላት በጎኗ ያዙሯት እንጂ አፏ ውስጥ ማንኪያ ምናምን እንዳይከቱ፣ ክብሪትም እንዳያሸትቷት። እዛ ሽንት፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል)፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ያዩላታል። ማግኒዢየም ሰልፌት ከጀመሩላት ሰውነቷን ሊያግላት ይችላል አትደንግጡ፣ እሱ ግፊት ለማውረድ ሳይሆን እንዳያንዘፈዝፋት ነው። 34 ሳምንት ስላልሞላት ለልጁ ሳንባ ዴክሳሜታዞን ሊወጓትም ይችላሉ።

ሳምሪ፦
ለእናቴ ግፊት ነጭ ሽንኩርትና ተልባ ሰርቶላታል፣ እስኪሄዱ ድረስ ትጠጣ።

ሚድዋይፍ ነኝ፦
ሳምሪዬ ለመልካም አስበሽ ነው፣ ግን ይሄኛው ግፊት ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሽንኩርቱም ጨው መቀነሱም አያቆመውም፣ የሚፈታው መውለድ ነው። ምንም ሳታበስሉ ቶሎ ውጡ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ላይ የደረሰ ነው። በመጀመሪያዬ ግፊቴ ከፍ ብሎ ነበር፣ በሰላም ወለድኩ ቤቴ ገባሁ፣ በ5ኛው ቀን ገንፎ እየበላሁ አንዘፍዝፎ ጣለኝ። ቤተሰብ መጋኛ ነው ጸበል እንውሰዳት ሲሉ ጎረቤታችን ነርስ ነበረች፣ እሷ ናት በግድ ሆስፒታል ያስገባችኝ። ጸበሉን እኔም አምናለሁ፣ ግን ሆስፒታል ከገባችም ሊያደርሱላት ይችላሉ። ወለደች አለቀ እንዳትሉ ወንድሜ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ደርሰዋል ተመስገን። እዛ ሲለኩት 165/110፣ ፕሮቲን ሶስት ፕላስ። አስተኝተዋታል፣ መርፌውም ግፊት ማውረጃውም ተጀምሯል፣ የልጁ ልብ ምት ደህና ነው ብለዋል። 34 ሲሞላት ያዋልዷታል፣ ከባሰባት ከዛም በፊት። እማዬ እኔ ነኝ ያዘገየኋት ብላ እያለቀሰች ነው። ወደፊት ብታረግዝ ይመለስባታል?

ሚድዋይፍ ነኝ፦
እማማን ጥፋት የለብዎትም በልልኝ፣ ልጃቸውን ለማዳን ያላቸውን ሊሰጡ ነው የሞከሩት። ሊመለስ ይችላል አዎ፣ ስለዚህ ሲቀጥል ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ክትትል ትጀምርና ይሄን ታሪኳን ትንገራቸው፣ ከ16 ሳምንት በፊት በትንሽ መጠን አስፕሪን ያስጀምሯታል። አሁን ግን ከወለደች በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ግፊቷ በደንብ ይለካ፣ በ6ኛው ሳምንትም እንደገና። ያኔ ሐኪሟ ራሱ ኢናላፕሪል ሊያዝላት ይችላል፣ እያጠባችም ይወሰዳል፣ ከእማማ ፓኮ ግን አይሁን። ዛሬ ማን ነው አጠገቧ የሚያድረው? ራስ ምታቱ ከባሰባት ወይም መተንፈስ ከከበዳት ነርሷን ቶሎ ይጥሩ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።