በኢላይዛ ኪት የለካሁት ኤምኤምፒ-9 በሕሙማኑ ሰባት እጥፍ ሆነ፤ ልመነው?

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ኤምኤምፒ-9 የተባለውን ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይም በሰው ደም ውስጥ እየለካሁ ነው። ኪቱ የተለመደው ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ነው፤ ፕሮቲኑን በሁለት ፀረ እንግዳ አካላት መካከል ይዞ ቀለም የሚያወጣው ዓይነት። በ450 ናኖሜትር አነበብኩት። መጠናቸው ከሚታወቅ ናሙናዎች የተሠራው የስታንዳርዱ ኩርባ ያማረ ነው፤ ድግግሞሾቹም ይቀራረባሉ። የሕሙማኑ አማካይ በሚሊ ሊትር 410 ናኖግራም፣ የጤነኞቹ 58 ሆነ። አማካሪዬ ደስ ብሏቸዋል፤ እኔ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሕመምተኛ እንኳ ከጤነኞቹ መካከል አልገባም፤ ሰው እንዲህ በመስመር ተከፍሎ አይቼ አላውቅም። ስሕተቴ ከመበረዙ ላይ ይሆን? ሁሉንም 100 እጥፍ በርዣለሁ።

የማታ ፈረቃ፦
እህቴ፣ ስለ መበረዙ ከማንሣታችን በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። የሁለቱም ቡድን ደም በአንድ ዓይነት ቱቦ ነው የተቀዳው?

ተማሪዋ፦
አይደለም። የሕሙማኑ ከሌላ ጥናት የተረፈ ሴረም ነው። የጤነኞቹን ራሴ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው በሄፓሪን ቱቦ ስለቀዳሁት ፕላዝማ፣ ማለት ካልረጋ ደም የተለየ ፈሳሽ ነው። መመሪያው ሁለቱንም መጠቀም ይቻላል ስለሚል አልተጨነቅሁም።

የማታ ፈረቃ፦
እንግዲያው የቱቦውን ልዩነት ለክተሽ ይሆናል። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ኤምኤምፒ-9ን አስቀድመው ሠርተው በውስጣቸው ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያከማቹታል። ደሙ ቱቦ ውስጥ ሲረጋ ያንን ክምችት ያፈሱታል። ሴረም ደግሞ የሚገኘው ከረጋ ደም ነው። መመሪያው ኪቱ በሁለቱም ይሠራል አለ እንጂ ሁለቱን አነጻጽሩ አላለም። የመጨረሻ ገጾቹን ተመልከቺ፤ ብዙ ጊዜ የጤነኞች ሴረምና ፕላዝማ ለየብቻ ተጽፎ ይገኛል። በጀማሪነቴ ከአንድ ሰው ከቀዳሁት ደም ግማሹን ረግቶ እንዳበቃ፣ ግማሹን ከምሳ በኋላ ፈሳሹን ለመለየት በማሽን አሽከረከርኩና አንዱ ሰው ሁለት ሰው መሰለ። ያን ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥር ወዳጅ፦
የሴረሙን ውጤት በሰባት ብታካፍይውስ? ናሙናው እንዳይባክን ብዬ ነው።

የማታ ፈረቃ፦
አይሆንም ወንድሜ። የነጭ ሴሉ ብዛት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ደሙ ረግቶ የቆየበት ጊዜም እንዲሁ። ደግሞም ሰባት የሚለው ቁጥር የተገኘው ከዚያው ከምንጠረጥረው ውጤት ነው።

ዚንክ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፍሽ ላይ «የኢንዛይሙ ሥራ ጨመረ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ብዙዎቹ ኪቶች ገና ያልነቃውን፣ ባለ 92 ኪሎዳልተኑን ቅርጽ ጭምር ይቆጥራሉ። ቲምፕ-1 የተባለው ፕሮቲን ይዞ ያሰረውን መቁጠር አለመቁጠሩም እንደ ኪቱ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሥራውን ራሱን ለመለካት ካሰብሽ ደሙን በኢዲቲኤ ቱቦ አትቅጂ፤ ኢንዛይሙ ያለ ዚንክና ካልሲየም አይሠራም፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ሁለቱንም ይነጥቀዋል።

ተማሪዋ፦
ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ፈቃደኛ ከሆኑ ሦስት ጤነኛ ባልደረቦቼ በአንድ ጊዜ በሁለቱም ቱቦ ደም ቀዳሁ። ፕላዝማቸው 44፣ 61 እና 70፤ ሴረማቸው በቅደም ተከተል 290፣ 515 እና 380። በእኔ ሰንጠረዥ ሦስቱም ሕሙማን ሆነው ወጡ፤ እጥፉም ለሦስቱ አንድ አይደለም። ለአማካሪዬ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «አዲስ ሕሙማን እንፈልግ፤ በሄፓሪን እንቅዳ» አሉኝ። ሰኞ እንጀምራለን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከተቀዳ በኋላ በስንት ደቂቃ ውስጥ ላሽከርክረው?

የማታ ፈረቃ፦
በ30 ደቂቃ ውስጥ። የተቀዳበትንና ያሽከረከርሽበትን ሰዓት በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ ጻፊ።