የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስደው ልጄ ክብደቷ እየጨመረ ነው፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከአንዲት እናት

ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ልጄ ሶዲየም ቫልፕሮኤት መውሰድ ከጀመረች ወዲህ በሽታው ጥሏት አያውቅም፤ ለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ የምግብ ፍላጎቷ ከልክ በላይ ሆኗል፤ ከማዕድ ተነሥታ ብዙም ሳትቆይ «ራበኝ» ትላለች፣ ልብሶቿም ሁሉ ጠበዋታል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እኩዮቿ ስለሚያሾፉባት መድኃኒቱን አልውጥም ማለት መጀመሯ ነው። መጠኑን በጥቂቱ ብቀንስላት ጉዳት አለው? ወይስ ምግቧን ልከልክላት?

መልስ፦ ከሕፃናት ሕክምና ነርስ

እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው መጠኑን በራስዎ እንዳይቀንሱ አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀነስ ወይም በድንገት ሲቋረጥ የቆመው በሽታ ሊመለስ፣ አልፎ ተርፎም ሳያቋርጥ የሚቀጥልና ሕይወትን የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ልጅዎ ሆዳም ሆና አይደለም። ቫልፕሮኤት በብዙ ልጆች ላይ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ ሰውነት ኢንሱሊንን የሚጠቀምበትንም ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል፤ ስለዚህ ምግብ መከልከል ልጅቷን ከማስከፋት በቀር እምብዛም አይረዳም። ጣፋጭ መጠጦችን በውኃ መተካት፣ መላው ቤተሰብ በአንድ ዓይነት አመጋገብ እንዲመራና ልጅቷም በየዕለቱ እንድትጫወትና እንድትንቀሳቀስ ማድረግ ይሻላል።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ መጨመሩ የሚጠበቅ በመሆኑ፣ ሐኪሙ የሚመለከተው ኪሎውን ብቻ ሳይሆን ኪሎው ከቁመቷና ከዕድሜዋ ጋር ያለውን ዝምድና ነው። ጭማሪው ከልክ ያለፈ ከሆነ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም እንደ ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ያሉ፣ ክብደትን ብዙውን ጊዜ እምብዛም የማይለውጡ መድኃኒቶችን ሊያስብ ይችላል። ምርጫው ግን በበሽታው ዓይነት ይወሰናል፤ ለአንዱ ዓይነት የሚረዳ መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል የጎረቤት ልጅ የተሻለው በዚህ ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ልጅዎ ወደ ጉርምስና እየተቃረበች ስለሆነ ሌላም ምክንያት አለ፦ ቫልፕሮኤት የወር አበባን ሊያዛባ፣ ወደፊትም በእርግዝና ወቅት ፅንስን በብርቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህን ከሐኪሟ ጋር ከአሁኑ መነጋገር ይገባል።

መልስ፦ ከአንድ አባት

በእኛ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። ወንድ ልጄ ቶፒራሜት የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲጀምር ምግብ እየተወ ከሳ። ዞኒሳማይድም እንዲሁ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ሐኪሙ ነግሮናል። የልጄ መድኃኒት መጠን በዝግታ እንዲጨመር ተደረገ፤ እኛም ፍላጎቱ በሚነሣበት ሰዓት ጠቀም ያለ ምግብ እንሰጠዋለን። እነዚህ መድኃኒቶች የኩላሊት ጠጠር ሊያስከትሉና ላብን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ውኃ በብዛት እንዲጠጣ፣ ከብርቱ ሙቀትም እንዲጠበቅ ታዘናል። መክሳትን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ወላጆች አሉ፤ ለሚያድግ ልጅ ግን ከመወፈር የማያንስ ጉዳይ ነው።

ምላሽ፦ ከጠያቂዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ምን ልከታተል? አልውጥም ስትልስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ከነርሷ

ክብደቷንና ቁመቷን በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሚዛን፣ በቀላል ልብስ ለክተው ቀኑን ጭምር ይጻፉ። የመድኃኒቱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ኪሎ ስለሚሰላ መዝገቡ ለሐኪሙ በእጅጉ ይጠቅመዋል።

ለልጅቷ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግላት በሚገባት ቋንቋ ያስረዷት፣ ቅሬታዋንም ለሐኪሙ ራሷ እንድትነግረው ያድርጉ፤ የተደመጠ ልጅ መድኃኒቱን የመቀበል ዕድሉ ይሰፋል። ስለ ማሾፉም ለመምህሯ ይንገሩ። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነና እምቢታዋ ከበረታ ግን ሳይጠብቁ ይደውሉ።

በተቃራኒው የምግብ ፍላጎቷ በድንገት ቢጠፋ፣ ደጋግማ ብታስመልስ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ቢይዛት፣ ያልተለመደ ድብታ ቢታይባት ወይም ዓይኗ ቢጫ ቢሆን ይህ የጉበት ወይም የቆሽት ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷት።