ከበላሁ በኋላ ሆዴ ይነፋል፤ የቱን ምርመራ ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይነፋል፣ ከእምብርቴ በላይ ያቃጥለኛል። ትንሽ ጎርሼ እጠግባለሁ። ይኸው 6 ሳምንት ሆነኝ። ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) ስወስድ ጋብ ይላል፣ ሳቆም ይመለሳል።

ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። እኔ አንዱም የለብኝም፤ የዘገየሁትም ለዚህ ነው። አሁን ግን ምግብ ሲቀርብ ራሱ ይጨንቀኛል።

የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያሳምም ባክቴሪያ) የሰገራ ምርመራ አስቤያለሁ። ችግሩ፣ ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ካልቆመ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ የለም ሊል ይችላል። ያን ሁሉ ቀን ቃጠሎውን እንዴት ቻላችሁት? ወይስ ሐኪሙን ስለ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ልጠይቀው? ዕድሜዬ 34 ነው።