ተራርቀን ለምንኖር የአይሁድ ማኅበራችን አባላት፦ የጋራ ጸሎትና ትምህርት ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ሻሎም። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናዳብረው። መነሻዬ ይህ ነው፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዙም ተገናኝተን የሰንበት መቀበያ መዝሙሮችን አብረን እናንብብ።

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦ ሰብሳቢያችን፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ሰዓቱ ግን ያስቸግራል። በምሥራቅ ያሉት ሰንበት ገብቶባቸው ስልክ በማይነኩበት ሰዓት በምዕራብ ያሉት ገና ሥራ ላይ ናቸው። ሐሙስ ቢሆንና የሳምንቱን የኦሪት ክፍል ብናጠና ይሻላል። ሰንበትን ሁሉም ባለበት ይቀበል። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፦ ኦሪት በ54 ክፍል ቢነበብም፣ በእስራኤል የማይከበረው የፋሲካ ስምንተኛ ቀን ሰንበት ላይ ሲውል በእስራኤል ያሉት ለሳምንታት አንድ ክፍል ይቀድሙናል። በዚያ ወቅት የትኛውን እንደምናጠና ከወዲሁ እንወስን።

አንዲት አባል፦ ሐሙሱን እደግፋለሁ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሐዘንተኛ ስለ ሟቹ የሚለው ጸሎት፣ ካዲሽ ነው። ወላጁን የቀበረ ሰው 11 ወር ካዲሽ ይላል፤ ለዚህም አሥር ሰው ያስፈልገዋል። ምኩራብ በሌለበት ከተማ ብቻውን የሚኖር ወንድማችን ምን ያድርግ? እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ አንዳንድ ረቢዎች በስክሪን የተሟላ ሚንያን (የአሥር ሰው የጸሎት ጉባኤ) ለችግር ጊዜ ፈቅደዋል። አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ አይሁድ ረቢዎች ግን አሥሩ በአንድ ስፍራ ካልቆሙ አይሆንም ብለዋል። ሐዘንተኛ በዚህ ክርክር መሀል ብቻውን መቅረት የለበትም።

ሰብሳቢ፦ እውነትሽን ነው፣ እኅቴ። የሃይማኖት ሕግን በእጅ ብልጫ አንወስንም፤ ሁሉም የራሱን ረቢ ይጠይቅ። ማኅበሩ የሚችለውን ግን እንጻፍ። ምኩራብ አዘውትሮ የሚሄድ አባል ሐዘንተኛውን ወክሎ ካዲሹን ይበልለት። ሐዘንተኛውም በሟቹ ስም ሚሽና (የቃል ሕጉን መጽሐፍ) ያጥና፤ አብሮት የሚያጠና ሰው እንመድብለት። በሰባቱ የሐዘን ቀናት ደግሞ ከሰንበት በቀር ተራ ገብተን በየቀኑ እንደውልለት።

ሌላ አባል፦ ለታመመ ሰውም ይጨመር። የታማሚው ስም ከእናቱ ስም ጋር ይላክልን፤ 150ውን መዝሙር ተከፋፍለን በዚያው ቀን እንጨርስ። ይህ የጋራ ሰዓት አይፈልግም፤ ሁሉም በተመቸው ጊዜ ድርሻውን ያነባል። ክፍፍሉን እኔ እይዛለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተመዝግቧል። የዓርቡን ሐሳቤን አንስቻለሁ፤ ሐሙስ ይሁን። የቀረን ካዲሽ ለማለት ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ዝርዝር ነው፤ ምኩራባችሁ በየቀኑ አሥር ሰው የሚሞላላችሁ አሳውቁኝ።