መሬት ላይ የሚበቅለው ኦርኪዴ ቅጠሉ ረገፈ፣ ልጣለው?

ባለጓሮው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ክረምት ጅማ አካባቢ ያሉ ዘመዶቼ ከእርሻ ዳር ነቅለው አንድ ኦርኪድ ሰጡኝ። ኦርኪድ ዛፍ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ይሄ ግን አፈር ውስጥ ነው የሚበቅለው። ሲያብብ ረጅም ዘንግ አወጣ፤ የአበባው የውስጥ ቅጠሎች ቁልጭ ያለ ቢጫ፣ የውጭዎቹ ደግሞ አረንጓዴ ሆነው ቡናማ ነጠብጣብ ያለባቸው። አሁን ጥር ላይ ቅጠሉ ደርቆ አለቀ። የቀረው ያበጠ ግንዱ ብቻ ነው። በየቀኑ ባጠጣውም ወይ ፍንክች!

ቅጠላቅጠል፦
ኧረ እንዳትጥለው! ዩሎፊያ የሚባለው የኦርኪድ ወገን ነው። እንዳገላለጽህ ስትሬፕቶፔታላ የሚባለው ዝርያ ይመስለኛል፤ ከኤርትራና ከእኛ አገር እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አለ። በጋ ላይ ውሃውንና ምግቡን እዚያ ያበጠው ግንድ ውስጥ አስቀምጦ ቅጠሉን ይጥልና ያርፋል። ስለዚህ የሚያሰጋው ድርቁ ሳይሆን ያንተ ውሃ ነው፣ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ግንዱን በጣትህ ጫን በለው። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፤ ውሃውን አቁምና አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ ቀስ እያልክ ጀምርለት።

ቆለኛው፦
ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ዩሎፊያ እንዲህ አይደለም። ከ200 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ። ፒተርሲ የሚባለው ደረቅ ቆላ፣ ቁጥቋጦ ሥር ነው የሚገኘው፤ ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ፣ ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው እሬት ነው ብሎት ያልፋል። እሱ በበጋም ቅጠሉን ይዞ ይቆያል። ጊኒየንሲስ ደግሞ ሰፊ ቅጠል፣ ትልቅ ሮዝ ከንፈር ያለው አበባ ነው። ለእኔ ከሁሉም ውቡ እሱ ነው፣ የፈለጋችሁትን በሉ።

ከሜሪላንድ፦
ለእረፍት ስመጣ አንድ ሥር በሻንጣ ብወስድስ?

ቅጠላቅጠል፦
እሱን እንኳን ተወው። ዱር የሚበቅል ኦርኪድ በሙሉ በሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር ነው፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ደግሞ ከዱር አንዱን መንቀል ቀላል ነገር አይደለም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ ውስጡ ስንቅ የለውም፤ አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም። እዚያው ከዘር ያፈሉትን ከሚሸጡ ሰዎች ግዛ።

ባለጓሮው፦
ጫን ብዬ አየሁት። ሁለቱ ግንዶች ድንጋይ ናቸው፣ አንዱ ግን ለስልሶ ሸቷል።

ቆለኛው፦
የሸተተውን በንጹህ ቢላ ቆርጠህ ጣለው፣ የተቆረጠው ላይ የደቀቀ ከሰል ነስንስበት። ከዚያ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ አፈሩንም አሸዋ በዛ አድርገህ ቀይርለት።